የጥልቅ ውቅያኖስ ዝውውርና የአየር ንብረት

በምድር ዋልታዎች አቅራቢያ የባሕር ውሃ ቀዝቅዞ ሲከብድ ወደ ታች ይሰምጣል። ከዚያም በውቅያኖስ ወለል ላይ እየተሳበ ወደ ሌሎች የምድር ክፍሎች ይጓዛል፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም ከላይኛው ውሃ ጋር እየተደባለቀ ወይም በነፋስ ኃይል እየተጎተተ ወደ ላይ ይመለሳል። የጥልቅ ውቅያኖስ ዝውውር የሚባለው ይህ ነው። ውቅያኖስ የምድርን ገጽ 71 በመቶ ይሸፍናል፤ አማካይ ጥልቀቱም 3,700 ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ሁሉ ውሃ ፀሐይ የምታሞቀው ከላይ ያለውን ስስ ሽፋን ብቻ በመሆኑ፣ በምድር ወገብ ላይ እንኳ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ታች የሚገኘው ውሃ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅዝቃዜው ከተመዘገበባቸው ቀደምት ልኬቶች አንዱ የ1751 ነው። ሄንሪ ኤሊስ የተባለ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ በአትላንቲክ ላይ 25 ዲግሪ ሰሜን ሲደርስ፣ ቄስና የሳይንስ ሰው የነበረው ስቲቨን ሄልስ ያዘጋጀለትን መሣሪያ በረጅም ገመድ ወደ ባሕሩ አወረደ። መሣሪያው ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ሁለት ክዳኖች ያሉት ባልዲ ነበር። ሲወርድ ውሃው በመሐሉ ያልፋል፤ ሲጎተት ክዳኖቹ ግጥም ይላሉ፤ በውስጡ የተቀመጠው ቴርሞሜትርም ከጥልቁ ውሃ ጋር ይወጣል። አየሩ 29 ዲግሪ ገደማ ሳለ፣ ከ1,200 ሜትር ገደማ የወጣው ውሃ 12 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ኤሊስ ለሄልስ በጻፈው ደብዳቤ በዚያ ውሃ ገላቸውን መታጠባቸውንና ወይን ጠጃቸውን ማቀዝቀዛቸውን ይተርካል። መርከቡ አፍሪካውያንን በባርነት የሚያጓጉዝ ነበር፤ ይህን ሳይናገሩ የቀዘቀዘውን ወይን ብቻ ማውራት አይገባም። የቅዝቃዜውን ምንጭ በ1790ዎቹ መጨረሻ ያስረዳው ካውንት ራምፎርድ የተባለው የሳይንስ ሰው ነው። በሞቃት አገር ባሕሩ በክረምትም ይህን ያህል ስለማይቀዘቅዝ፣ ውሃው ከዋልታ ተነሥቶ በወለሉ ላይ ተጉዞ የመጣ መሆን አለበት ሲል ደመደመ። ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን የዞረችው የእንግሊዟ ቻሌንጀር መርከብና ከ1925 እስከ 1927 በደቡብ አትላንቲክ የተመላለሰችው የጀርመኗ ሜቴዎር ይህንኑ በብዙ ልኬት አጸኑት።

ለዚህ ሕግ የማይገዛ ባሕር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቀይ ባሕር 2,000 ሜትር ወርዶም ከ21 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ምክንያቱ በደቡብ በኩል፣ ሐኒሽ ደሴቶች አቅራቢያ፣ ወለሉ እስከ 137 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እንደ ቤት ደፍ መቆሙ ነው። ከደፉ በታች ያለው የሕንድ ውቅያኖስ ጥልቅና ቀዝቃዛ ውሃ ተሻግሮ አይገባም። ከውስጥ የሚወጣው ጨዋማ ውሃ ግን ደፉን አልፎ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ብዙ መቶ ሜትሮች ይሰምጣል።

በዓለም ደረጃ ውሃ ወደ ጥልቁ የሚሰምጥባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። በሰሜን የግሪንላንድና የኖርዌይ ባሕሮች እንዲሁም የላብራዶር ባሕር፣ በደቡብ ደግሞ ዌዴልና ሮስን የመሳሰሉ የአንታርክቲካ ዳርቻዎች ዋነኞቹ ናቸው። የባሕር ውሃ በረዶ ሲሆን ጨዉን ስለሚተፋው፣ ከበረዶው ሥር የሚቀረው ውሃ ይበልጥ ጨዋማ ሆኖ ይከብዳል።

መስመጡን ማስረዳት ቀላል ነው። ባለሙያዎቹን ለረጅም ጊዜ ያከራከረው መመለሱ ነው። ድስት ከሥሩ ሲነድድበት ውሃው ይገላበጣል፤ እሳቱ በክዳኑ ላይ ቢነድድ ግን የላዩ ይሞቃል እንጂ የታችኛው አይነቃነቅም። ውቅያኖስ ደግሞ የሚሞቀውም የሚቀዘቅዘውም ከላይ ነው። ስዊድናዊው ዮሃን ሳንድስትረም በ1908 ይህን ጥያቄ አንሥቶ ነበር። በ1966 በካሊፎርኒያው ስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ይሠራ የነበረው ዋልተር ሙንክ፣ ቀዝቃዛው ውሃ እንዲነሣ ሙቀት ከላይ ወደ ታች ምን ያህል መደባለቅ እንዳለበት አሰላ። በ1998 ሙንክና ካርል ዉንሽ ለዚህ መደባለቅ ሁለት ትሪሊዮን ዋት ገደማ ኃይል እንደሚያስፈልግ ጻፉ። ኃይሉ የሚገኘው፣ እንደ እነርሱ ስሌት፣ ከነፋስና ከጨረቃ ነው። ጨረቃ ባሕሩን እያስሞላችና እያጎደለች ስትስበው፣ ውሃው ከባሕር ወለል ተራሮች ጋር ተጋጭቶ በውስጡ ሞገድ ይፈጥራል፤ ሞገዱ ሲሰበር ቀዝቃዛውንና ሞቃቱን ይደባልቃል። መደባለቁ ቢቆም ጥልቁ በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ ጨዋማና ቀዝቃዛ የረጋ ኩሬ ይሆናል።

ችግሩ በ1990ዎቹ ባሕሩ ውስጥ ተወርዶ ሲለካ መጣ። ተመራማሪዎች በሰሜን አትላንቲክ ልዩ ኬሚካል ለቅቀው አሰረጫጨቱን ሲከታተሉ፣ መደባለቁ ሙንክ ካሰላው አንድ አሥረኛ ገደማ ሆነ። ብዙ ሳይቆይ፣ በ1997 የብራዚል ገንዳ በሚባለው የደቡብ አትላንቲክ ክፍል፣ ወለሉ ለስላሳ በሆነበት መደባለቁ ደካማ፣ ሸካራማ ተራሮች ባሉበት ግን ብዙ እጥፍ ብርቱ መሆኑ ታየ። ዛሬ ብዙዎች የሚስማሙበት፣ ከሰመጠው ውሃ ከፍተኛው ድርሻ በደቡብ ውቅያኖስ በብርቱው የምዕራብ ነፋስ ተጎትቶ እንደሚወጣና የቀረው በመደባለቅ እንደሚነሣ ነው። ድርሻው ስንት ለስንት እንደሆነ ክርክሩ አላበቃም።

ከሁሉም ክፍል በተሻለ የተለካው የአትላንቲክ ነው። ከ2004 ጀምሮ በ26.5 ዲግሪ ሰሜን፣ ከባሃማስ እስከ አፍሪካ ጠረፍ፣ ከወለሉ ጋር የታሰሩ መሣሪያዎች ዝውውሩን ሳያቋርጡ ይለካሉ። አማካዩ በሰከንድ 17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ዐባይ በሱዳን ድንበር በዓመት የሚያሳልፈው 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ይህን ያህል ውሃ አትላንቲክ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያሳልፈዋል። ወደ ሰሜን የሚወስደው ሙቀት ከአንድ ሚሊዮን ጊጋዋት በላይ ነው። ሙቀትና ኤሌክትሪክ አንድ ባይሆኑም፣ ለመጠኑ ያህል፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የሕዳሴ ግድባችንን ሁለት መቶ ሺህ ጊዜ መደርደር ነው። የምዕራብ አውሮፓ ክረምት በአንድ ኬክሮስ ካለው ምሥራቅ ካናዳ ይልቅ ለዘብ ማለቱ በከፊል ከዚህ ይመነጫል።

ዝውውሩ እየደከመ ነው ወይ? በ2005 የወጣ ጥናት በግማሽ ምዕተ ዓመት 30 በመቶ ቀንሷል ብሎ ብዙዎችን አስደንግጦ ነበር። ቋሚዎቹ መሣሪያዎች ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ከ4 እስከ 35 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ሲዋዥቅ አሳዩ፤ በየዘመኑ የተወሰዱ ጥቂት የመርከብ ልኬቶች ለእንዲህ ዓይነት ድምዳሜ አይበቁም ነበር። በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓነል (IPCC) ባለሙያዎች በ2021 ባወጡት ዘገባ፣ ዝውውሩ በዚህ ክፍለ ዘመን መድከሙ በእጅጉ የሚጠበቅ መሆኑን፣ ከ2100 በፊት በድንገት ይቋረጣል ብለው ግን እንደማያምኑ መካከለኛ በሆነ እርግጠኝነት ገልጸዋል። በ2023 ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች መቋረጡን በዚህ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ አስቀመጡት። እንዲህ ያለ ቀጠሮ ከባሕሩ የላይኛ ገጽ ሙቀት ብቻ ማውጣት ለዚህ ጸሐፊ የተቻኮለ ይመስላል።

ጥልቁ የሚያስቀምጠው ነገርም አለ። በሰው ሥራ ምክንያት ከተጠራቀመው ተጨማሪ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ፣ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድም አንድ አራተኛ ገደማ ወደ ውቅያኖስ ገብቷል። ውሃው ቀርፋፋ በመሆኑ የድሮውን ዘመን ብርድም ይዞ ይቆያል። በ2019 የታተመ ጥናት የቻሌንጀርን ቴርሞሜትሮች ንባብ ከ1990ዎቹ ልኬት ጋር አስተያይቶ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያለው የፓስፊክ ውሃ በጥቂት የዲግሪ መቶኛዎች እንደቀዘቀዘ ደርሶበታል። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነበረው የአውሮፓ ብርዳማ ዘመን እዚያ የደረሰው ገና አሁን ነው ማለት ነው።

ዝውውሩ ሲደክም ምን እንደሚከተል ለእኛ አገር ጉልህ የሆነው ማስረጃ ያለው ከጣና ሥር ነው። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ከሐይቁ ወለል የወጣው ደለል፣ በ2007 በታተመ ጥናት እንደተነበበው፣ ከታች ጠጥሮ የደረቀ አፈር አለው፤ በላዩ የበሰበሰ የእጽዋት ቅሪት ተነጥፏል። ዛሬ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ያን ጊዜ የበቀለው በሐይቁ ዳር ሳይሆን በመሐሉ ነበር። ሐይቁ ደርቆ ነበር፤ ረግረግ ሆኖ የቆየውም ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመታት በፊት ነው። ዘመኑ ከሰሜን አሜሪካ የተገመሱ የበረዶ ተራሮች በሰሜን አትላንቲክ ቀልጠው የላይኛውን ውሃ ጨዋማነት የቀነሱበትና መስመጡ እጅግ የደከመበት ዘመን ነው። ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ የአፍሪካና የእስያ የክረምት ዝናብ ከዳ። ቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ጊዜ ደርቆ ስለነበር፣ የናይል ወንዝ በየወቅቱ የሚፈስ ብቻ ሳይሆን አልቀረም ተብሎ ይገመታል። ጣና ሲመለስ መጀመሪያ ጥቂት ጨዋማ ነበር፤ ይህም በዓይን ከማይታዩ የውሃ አልጌዎች ዛጎል ይታወቃል። ከ14,750 ዓመታት በፊት ሞልቶ ወደ ዐባይ ፈሰሰ፤ ውሃውም ወዲያው ጣፋጭ ሆነ። ደለሉ ሁለት አነስ ያሉ መጉደሎችንም ያሳያል፤ አንዱ ከ12,000 ዓመታት በፊት ገደማ ነው። ይህኛው ሰሜን አትላንቲክ ዳግም ከቀዘቀዘበት ዘመን ጋር ይቀራረባል፤ ቀኑ ግን በግምት የተቀመጠ ነው።