ኤሌክትሮኒክ የልምምድ ፓድ ምንድን ነው? ጊዜ መጠበቅንስ እንዴት ያስለምዳል?

ኤሌክትሮኒክ የልምምድ ፓድ በስቲክ ሲመቱት ድምፁ የማይጮህ፣ ምቱ ያረፈበትን ቅጽበት ግን የሚይዝ ክብ ሰሌዳ ነው። ለእጅ ማፍታቻ ተራው የጎማ ፓድም ይበቃል፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ቶሎም አይበላሽም። የኤሌክትሮኒኩ ትርፍ ሜትሮኖም፣ ማለትም በእኩል ጊዜ ልዩነት ክሊክ የሚል መሣሪያ፣ አብሮት መሥራቱ ነው። ክሊኩ የወረደበትንና ስቲኩ ያረፈበትን ጊዜ አስተያይቶ «ቀደመ» ወይም «ዘገየ» ብሎ ያሳያል። እየመታ ያለ ሰው ሐሳቡ እጁ ላይ ስለሚሆን ትንንሽ መቅደምና መዘግየቱን ብዙ ጊዜ አይሰማም፤ ፓዱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከላይ የጎማ ወይም ሜሽ የሚባል የመረብ ቆዳ አለው። ሮላንድ በ1997 እ.ኤ.አ. ቲዲ-10 የተባለውን ኤሌክትሮኒክ ድራም ሲያወጣ ይዞት የመጣው ዓይነት የመረብ ቆዳ ነው ዛሬ በብዙ ፓዶች ላይ የሚታየው። ከቆዳው ሥር ፒዞ አለ፤ ስስ ብረት ላይ የተለጠፈ የሴራሚክ ክብ ነው። ሲንቀጠቀጥ ጥቂት ቮልቴጅ ያመነጫል፣ ምቱ በበረታ ቁጥርም ቮልቴጁ ይጨምራል። ፒዞው መሀል ላይ ከተቀመጠ ልክ ከበላዩ የሚያርፍ ምት ከሌላው ጎልቶ ይሰማል። ስለዚህ ሁለቱን ስቲኮች ከመሀሉ ትንሽ ወጣ አድርጎ ጎን ለጎን ማሳረፍ ይሻላል፤ አለዚያ አንዱ እጅ የበረታ ይመስላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ቴምፖ፣ ማለትም የምቱ ፍጥነት፣ የሚለካው በቢፒኤም፣ ማለትም በደቂቃ በሚወርደው የክሊክ ብዛት ነው። በ60 ቢፒኤም በሁለት ክሊክ መካከል ያለው 1 ሰከንድ ሲሆን በ120 ግማሽ ሰከንድ ነው። አንዱን ክሊክ አራት ቦታ ስንከፍለው በ60 እያንዳንዱ ምት 250 ሚሊሰከንድ፣ በ120 ደግሞ 125 ሚሊሰከንድ ያገኛል። ጀማሪ በፈጣኑ የሚቸገር ይመስለዋል፤ ጊዜ መጠበቅ የሚከብደው ግን በዝግታው ነው። በ40 ቢፒኤም በክሊክና በክሊክ መካከል አንድ ሰከንድ ተኩል ባዶ ቦታ አለ፣ ያንን ባዶ ቦታ ቆጥሮ መሙላት ያለበት የሚመታው ሰው ራሱ ነው። በአማርኛ ሲቆጥሩ ደግሞ «አንድ» እና «ሦስት» አጫጭር ሆነው «ሁለት» እና «አራት» ይረዝማሉ፤ እጁም ሳያውቀው ቃሉን ይከተላል። ለአራት ክፍል «ታ ካ ዲ ሚ»፣ ለሦስት ክፍል «ታ ኪ ዳ» እያሉ ድምፅ አውጥቶ መቁጠር ይህን ችግር ያስወግዳል።

ፓራዲድል የሚባለውን፣ ነጠላና ድርብ ምትን የሚያቀላቅል የድራም ልምምድ እንውሰድ። ቀኝን «ቀ»፣ ግራን «ግ» ብንል፦ ቀ ግ ቀ ቀ፣ ግ ቀ ግ ግ። በ60 ቢፒኤም ለአንድ ክሊክ አራት ምት ነው። ፓዱን ልብ ብለው ቢያዩት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምቶች ቦታቸው ላይ ናቸው፤ አራተኛው ግን ይቀድማል፣ ድምፁም ይሳሳል። ምክንያቱ ከአንድ እጅ ተከታትለው ከሚወጡት ሁለት ምቶች ሁለተኛውን እጁ ሳይሆን የስቲኩ ንጥረት ስለሚመታው ነው። ንጥረት የራሱ ፍጥነት አለው፣ ክሊክ አይጠብቅም። መፍትሔው ቴምፖውን ወደ 50 ማውረድና ያንን ሁለተኛ ምት ሆን ብሎ በጣት ስቦ ከሌሎቹ አጠንክሮ መምታት ነው። ሁለቱም እጆች እኩል ሲሆኑ ማጠንከሪያው ይነሳል፣ ቴምፖው በ2 ወይም በ4 ይጨመራል። በ10 መዝለል ስሕተቱን ይዞ መሮጥ ነው።

ከፓዱ ልምምዶች ሁሉ ዋጋ ያለው ግን ክሊኩ የሚጠፋበት ነው። ሁለት ባር (በአራት አራተኛ አንድ ባር አራት ክሊክ ነው) ክሊክ ይሰማል፣ ሁለት ባር ዝም ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል፤ እጅ አያቋርጥም። በ80 ቢፒኤም በአራት አራተኛ ሁለቱ ዝም ያሉ ባሮች 8 ክሊክ፣ ማለትም 6 ሰከንድ ናቸው። ክሊኩ ሲመለስ እጁ በሩብ ክሊክ ቀድሞ ከተገኘ በዝምታው ውስጥ የተመታው በ80 ሳይሆን ከ82 በላይ ነው። ያቺ ትንሽ ልዩነት በአንድ ሙሉ ዘፈን ውስጥ ቤዝ ተጫዋቹን የምታስጨንቀው ናት። ክሊክ ሳይጠፋ የሚለማመድ ሰው ክሊክን መከተል እንጂ ጊዜን መያዝ አይለምድም፤ በየቀኑ 20 ደቂቃ ቢኖር 10ሩ ለዚህ ቢሰጥ አይበዛም።

ችክችካ ለሚለማመድ ሰው አሰላለፉ ሌላ ነው። ምቱ ስድስት ስምንተኛ ስለሆነ አራት አራተኛ ላይ የተተወ ሜትሮኖም ያምታታል። ለአንድ ባር ሁለት ክሊክ ተደርጎ እያንዳንዱ ለሦስት ይከፈል። ክሊኩ 120 ከሆነ አንዷ ሦስተኛ 167 ሚሊሰከንድ ገደማ ናት። የችክችካው ግልቢያ የሚመጣው ከረጅምና ከአጭር ምት ነው፦ ረጅሙ ሁለት ሦስተኛ፣ አጭሩ አንድ ሦስተኛ። ሲፈጥን ሁለቱ ወደ እኩል ይጠጋጉና ግልቢያው ይጠፋል። ፓዱ አጭሯን ምት «ቀደመ» እያለ ከደጋገመ ይህ እየሆነ ነው።

ማሽኑም ይሳሳታል፣ የስሕተቱን መልክ ማወቅ ብዙ ድካም ይቆጥባል። ሁለቱም እጆች ሁልጊዜ በተመሳሳይ መጠን «ዘገየ» ከተባሉ ጥፋቱ የእጅ ላይሆን ይችላል፤ የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ሊያዘገይ ስለሚችል ሰውየው የዘገየውን ክሊክ ነው በታማኝነት የሚከተለው። ባለ ሽቦ ማዳመጫ ይሰካ። አንድ ምት ሁለት ሆኖ ከተቆጠረ ቆዳው ላልቷል ወይም የዳግም ምት መከላከያው ጊዜ፣ ማለትም ፓዱ ከአንድ ምት በኋላ ሌላ የማይቆጥርበት ቅጽበት፣ አጥሯል። ሳይነኩት ከቆጠረ ጠረጴዛው እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ፓዱን በስታንድ ላይ ማድረግ ወይም መነሻ መጠኑን፣ ማለትም ፓዱ እንደ ምት የሚቆጥረውን ዝቅተኛ ንዝረት፣ ትንሽ ከፍ ማድረግ ያስተካክለዋል። ከልክ በላይ ከፍ ካለ ግን ለስላሳ ምቶች ሳይቆጠሩ ይቀራሉ።

ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ደግሞ፦ ፓዱ በአየር ባይጮህም ንዝረቱ በወለሉ አልፎ ከታች ያለውን ጎረቤት ያስቸግራል፣ የባስ ፔዳል ከተጨመረ ይብሳል። ከስታንዱ እግር ሥር ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፍ። ከአሜሪካ የመጣ ፓድ ከሆነ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት የአዳፕተሩ ጽሑፍ ይነበብ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካላለና 120 ብቻ ከሆነ በ220 ይቃጠላል። ሌላ አዳፕተር ሲገዛ ቮልቱ ብቻ ሳይሆን የመደመርና የመቀነስ ምልክቱም ከፓዱ ጋር መመሳሰል አለበት።

ፓዱ የማያሳየው አንድ ነገር አለ። ጎማም ሆነ መረብ ስቲኩን አንጥሮ ይመልሳል፤ ፍሎር ቶም የሚባለው ወለል ላይ የሚቆም ትልቅ ድራም ግን ይውጠዋል። ስለዚህ ፓድ ላይ ንጹሕ የነበረ ድርብ ምት እውነተኛ ድራም ላይ ይደክማል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ለአምስት ደቂቃ ያንኑ ፓራዲድል ትራስ ላይ መምታት ይገባል። ትራስ ምንም አይመልስም፣ እያንዳንዱን ምት እጁ ራሱ ማንሳት አለበት። ከዚያ ወደ ፓዱ ተመልሶ ያቺን አራተኛ ምት ማየት ነው።