ሱፐርቪዥን ምንድን ነው? «ተደረገባቸው» ወይስ «ተደረገላቸው»?

በቅርቡ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሪፖርት አቅራቢው ስለ ምክር አገልግሎት ተለማማጆች ሲናገር «በዚህ ሴሚስተር ሱፐርቪዥን ተደርጎባቸዋል» አለ። ማንም ቅር አላለውም። እኔን ግን ያቺ «ባ» ቆረቆረችኝ። ፍተሻ ይደረግባቸዋል፣ ምርመራ ይደረግባቸዋል። ሱፐርቪዥን ግን ይደረግላቸዋል። ይህን ቃል እንዲህ ሲባል ስሰማ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ፤ ስለዚህ ልጻፈው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ትምህርት ቤት የክላስተር ሱፐርቫይዘር ይመጣል። ጤና ጣቢያ ከዞን ቡድን ይመጣል። ቼክሊስት ተይዟል፣ መዝገብ ይገለበጣል፣ ግብረ መልስ ተጽፎ ይፈረማል። ያም ሥራ ያስፈልጋል፤ ከሱ ጋር ጠብ የለኝም። የእኛ የምክር አገልግሎት ሱፐርቪዥን ግን ሌላ ነው። የሚያገናኛቸው ስሙ ብቻ ነው።

ለእኔ የሚቀርበው ቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ሰምቶ ለብቻው ወጣ ይላል። ዛፍ ሥር ወይም አጥር ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። ከዚያ ተመልሶ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ሰምቶ ያቃናል፤ «እዚህ ጋ ምን ልትል ፈልገህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ነገራ የሌለበት ቆጠራ ተማሪውን የትም አያደርሰውም። ምክር አገልግሎትም እንደዚያው ነው። ተለማማጁ ከተመካሪው ጋር ለብቻው በር ዘግቶ ይቀመጣል። ያ ቆጠራው ነው። ከዚያ የሆነውን ይዞ ልምድ ወዳለው አማካሪ ይመጣል። ያ ነገራው ነው። ሱፐርቪዥን የምንለው ይህንን ነው።

ምሳሌው ሌላም ቦታ ይሠራል። ቅኔ ጀማሪ በመወድስ አይጀምርም። ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ጀምሮ ነው ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው። ጥሩ የምክር ማዕከልም ለጀማሪ ተለማማጅ ከባዱን ጉዳይ አይሰጥም። መጀመሪያ የፈተና ጭንቀት፣ የዶርም አለመግባባት፣ የትምህርት ክፍል ምርጫ። ከቀዬው ተፈናቅሎ፣ ሰው ሞቶበት የመጣ ሰው ለጀማሪ አይመደብም። እዚህ ከተማችን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አለና ይህንን ሳላነሳ አላልፍም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ምሳሌው ይሰበራል። ቅኔ ሲያምር በአደባባይ ይባላል። የተመካሪ ጉዳይ የትም አይባልም።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ማንነት እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጫለሁ። ሰኞ ከሰዓት ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ መስኮት የሚገፋበት ወቅት። ተለማማጁ ጋቢውን ደርቦ ደብተሩን ዘረጋ። ከተመካሪዋ ጋር የተባባሉትን ቃል በቃል፣ ትዝ ያለውን ያህል፣ ጽፎ አምጥቷል። እሷ ያለችው በግራ፣ እሱ ያለው በቀኝ። አብረን አነበብነው። ስጨርስ ከቀኝ በኩል ያሉትን «አይዞሽ»ዎች በእርሳስ አከበብኳቸው። ሰባት ናቸው።

«የመጀመሪያዋን አይዞሽ ስትል አንተ ምን ተሰምቶህ ነበር?» አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ «ፈራሁ» አለኝ። «ልታለቅስ መስሎኝ። ካለቀሰች ምን አደርጋለሁ ብዬ።»

በቃ፣ ሱፐርቪዥን ማለት ይቺ ደቂቃ ናት። የአይዞሽ ሰሙ ለልጅቷ ነበር። ወርቁ የራሱ ፍርሃት ነበር። ልጅቷ ስለ እናቷ ልትናገር አፏን በከፈተች ቁጥር በአይዞሽ ይዘጋባታል። ክፋት የለበትም። አይዞህ ተባብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ለቅሶ ቤትም የምንለው እሱን ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ልጅቷ ማልቀስ ነበረባት። ይህን በቼክሊስት ማን ያገኘዋል? «ሰላምታ ሰጥቷል፦ አዎ። አበረታቷል፦ አዎ።» ሙሉ ነጥብ ያገኝ ነበር።

አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ እንዲህ ብሎ ጽፎ አየሁ፦ «ሱፐርቪዥን ካስፈለገው ገና አልበቃም ማለት ነው። ታዲያ ያልበቃ ሰው ለምን ሰው ላይ ይለማመዳል?» ጥያቄው ከቅን ልብ ይመስለኛል፤ ሰው መጫወቻ እንዳይሆን ሠግቶ ነው። ግን መነሻው ልክ አይደለም። በብሪታኒያ የአማካሪዎችና የሳይኮቴራፒስቶች ማኅበር ዕውቅና (አክሬዲቴሽን) ያገኙ አባላት፣ ሃያ ዓመት የሠሩትም ጭምር፣ በወር ቢያንስ 1 ሰዓት ተኩል ሱፐርቪዥን ማግኘት አለባቸው። የበቃም ያልበቃም ያስፈልገዋል፤ ማንም የራሱን ጀርባ አያይምና። በአሜሪካ ደግሞ የምክር ትምህርት ፕሮግራሞችን የሚመዝነው ተቋም ለተለማማጅ ያስቀመጠው ልክ አለ። መጀመሪያ 100 ሰዓት ልምምድ፣ ከዚያ 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም ሰፋ ያለ የሥራ ላይ ልምምድ። ከ600ው ውስጥ 240ው ፊት ለፊት ከተመካሪ ጋር ነው። በየሳምንቱም በአማካይ 1 ሰዓት ሱፐርቪዥን አለ፤ የቡድኑ ለብቻው 1 ሰዓት ተኩል ነው። ነገሩ አዲስ ፈጠራም አይደለም። በርሊን ውስጥ በ1920 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ልቦና ትንተና ክሊኒክ ሲከፈት ጀምሮ ሠልጣኞች ጉዳያቸውን ለአንጋፋ እያቀረቡ ነው የተማሩት። ተለማማጅ ጋ የቀረበ ተመካሪ አንድ አማካሪ ብቻ አይደለም ያገኘው። ከጀርባ ሁለተኛ ጆሮ አለው።

ያ ሁለተኛ ጆሮ መኖሩን ግን ተመካሪው ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለበት። «እኔ በልምምድ ላይ ነኝ፤ ሥራዬን የሚያየው እገሌ ይባላል፤ የምትነግሩኝን ከሱ ጋር እመካከርበታለሁ» ተብሎ በግልጽ ይነገራል። እምቢ ካለ ሌላ አማካሪ ይመደብለታል። ይህ ሳይነገር የተደረገ ሱፐርቪዥን ምስጢር ማውጣት ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ስም ባትጠራም «የሞላሌ ልጅ ናት፣ አባቷ አስተማሪ ነው» ካልክ ጨርሰሃል። ክፍሉ ውስጥ አንድ የመንዝ ሰው ካለ ያውቃታል። ስለዚህ በቡድን ስንቀመጥ አገር፣ ቀበሌ፣ የወላጅ ሥራ አይነሳም። ተለማማጁ ራሱ ተመካሪውን በዝምድና ወይም በዕድር ካወቀው ሰኞን አይጠብቅም፤ ያኑ ቀን ይናገራል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከተነሳ ደግሞ ተመካሪው ከክፍሉ ሳይወጣ ለሱፐርቫይዘሩ ይደወላል።

ሱፐርቫይዘሩስ ምን ይሠራል? ጃኒን በርናርድ የተባለች አሜሪካዊት ምሁር በ1979 (እ.ኤ.አ.) ሦስት ሚና ብላ አስቀምጣዋለች። አንዳንዴ ያስተምራል፣ አንዳንዴ እንደ አማካሪ የተለማማጁን ስሜት ይጠይቃል፣ አንዳንዴ እንደ ባልደረባ አብሮ ያስባል። ከሦስቱ በአንዱ ብቻ የሚሄድ ሱፐርቫይዘር ያደክማል። ተለማማጁን ተመካሪው አድርጎ ሲያክመው የሚውለውም እንደዚያው፤ ያን ፍርሃት ከሥራው ጋር እስካገናኘው ድረስ ብቻ ነው የምነካው። ከዚያ ካለፈ ሌላ አማካሪ ጋ እንዲሄድ እነግረዋለሁ።

ነጥብስ የለም ወይ ለሚለኝ፣ አለ። አልዋሽም። በሴሚስተሩ መጨረሻ እገመግመዋለሁ፤ ለሥራው የማይሆን ሰው ካለም ማለፍ የለበትም። ግን በምን እንደምገመግመው በመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል። የቅጥር አለቃውና ሱፐርቫይዘሩ አንድ ሰው ከሆኑ ደግሞ ነገሩ ይበላሻል። ተለማማጁ የሠመረለትን ብቻ ይዞ ይመጣል። ያበላሸውን ይደብቃል። «ተደረገባቸው» የሚለው ቃል የሚያመጣው ጉዳት እዚህ ጋ ነው፦ ፍተሻ የመሰለው ሰው ደብተሩን አሳምሮ ያቀርባል፤ ልጅቷም ያለ ሁለተኛ ጆሮ ትቀራለች።

ያ ተለማማጅ በቀጣዩ ሰኞ መጣ። ደብተሩን ሳይዘረጋ «አለቀሰች» አለኝ። ምን አደረግህ ስለው ሶፍት ወደሷ ገፋ አድርጎ ዝም ማለቱን ነገረኝ። ስትጨርስ ስለ እናቷ አወራችው። ከዚያ ደብተሩን ከፈተ። ቀኝ በኩል አንዲት «አይዞሽ» አለች፣ መጨረሻ ላይ። ራሱ አስምሮባታል።

«ይቺን አስቤ ነው ያልኳት» አለኝ።