የመሪዎች ንግግር ከሐረርና ከድሬዳዋ ሲሰማ

መሪ በአደባባይ ቆሞ ከሕዝቡ ምን ይጠይቃል? በየዘመኑ የተጠየቀውን መከተል፣ ሰዉ ምን ያከብር እንደነበር ለማወቅ ይረዳል።

የዐፄ ምኒልክ የ1888 የክተት አዋጅ የጠየቀው ጉልበትና ጸሎት ነው። ከዘመቻው ለሚቀረው ደግሞ «ማርያምን! ለዚህ አማላጅ የለኝም» አለ። ሐረር በምኒልክ እጅ ከገባች ገና አሥር ዓመት አልሞላትም። በጁገል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ለሚኖር ሙስሊም መሐላው የራሱ አልነበረም። የሆነው ሆኖ፣ በምኒልክ የተሾሙት የሐረር ገዥ የራስ መኰንን ጦር ዐድዋ ላይ ተሰልፏል።

የራስ መኰንን ልጅ ግን የእኛው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1884 ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። ሚያዝያ 1928 ወደ ስደት የወሰዳቸው ባቡር በድሬዳዋ አለፈ። ሰኔ 23 ጄኔቭ ላይ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆሙ። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሞከሩ። ፈረንሳይኛ አሳምረው ይችሉ ነበር፤ የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። ያኔ የጠየቁት ዓለም ቃሉን እንዲያከብር ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡ ደግሞ ሕዝቡን ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። ወገኑን በግፍ ላጣ ሰው ቀላል ትእዛዝ አይደለም። መስከረም 1956 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ስለ ዘር እኩልነት ተናገሩ። «ሀገር የጋራ ነው፤ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለውም በእሳቸው ስም ይነገራል። ሐረር ላይ ይህ አባባል ያምራል፤ ነገር ግን የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ነበር።

መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአብዮቱ በፊት ሐረር፣ ሦስተኛ ክፍለ ጦር ነበሩ። ሚያዝያ 1969 አብዮት አደባባይ ላይ የደም ምሳሌ የሆነ ቀይ ነገር የሞላ ጠርሙስ እየከሰከሱ ተናገሩ። ከንግግሩ እግዚአብሔር ወጣ፤ አብዮት ገባ። ነሐሴ ላይ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን አጠቃ። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ሌላ ቦታ መፈክር ነበር፤ ድሬ ግን ግንባሩ ራሱ ደጃፏ መጥቶ ነበር።

መለስ ዜናዊ መጋቢት 24 ቀን 2003 ለሕዳሴው ግድብ ገንዘብና ላብ ጠየቁ።

ልክ በሰባት ዓመቱ፣ መጋቢት 24 ቀን 2010፣ ዐቢይ አሕመድ በፓርላማ እናታቸውንና ባለቤታቸውን አመሰገኑ። በቀደሙት ዓመታት ሁከት ሕይወታቸው ስላለፈ ዜጎችም ይቅርታ ጠየቁ። በ1933 ይቅር በሉ ብሎ ያዘዘው ወንበር አሁን ይቅርታ ለማኝ ሆነ። «ስንሞት ኢትዮጵያ እንሆናለን» የሚለው ቃላቸውም ብዙ ሰው አስለቅሷል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2012፣ ሐረር ላይ የራስ መኰንን ሐውልት ፈረሰ። አንዳንዱ ቅርስ ወደመ ይላል፤ ሌላው የወራሪ ምልክት ተነሣ ይላል።