የብርበራ ትእዛዝ እስከ የት ያስኬዳል?

ፖሊስ ቤት ሊበረብር ሲመጣ ሰው ሁሉ «የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ግራ የሚያጋባው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወረቀቱ ካለ ቤቱን እንዳለ መገልበጥ የሚቻል ይመስላል። አይደለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ቁጥር 33፣ ትእዛዙ የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ ይጥቀስ ይላል። ከተጠቀሰው ውጭ መያዝ አይቻልም።

ቡሬ ላይ የተሰረቀ የውሃ ፓምፕ ይፈለጋል እንበል። ትእዛዙ ፓምፕ ብቻ ካለ፣ የቤቱን ባለቤት ስልክና የበቆሎ መሸጫ ብር ይዞ መሄድ ከትእዛዙ ውጭ ነው። የበርበሬ ዕቃ መበርበርማ ምን ይሉታል? ፓምፕ እዚያ አይገባ! የተያዘው ዕቃ ይመዘገባል፤ ከተቻለም ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርምበታል። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ነው፣ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ሌላ ካላዘዘ በቀር።

ያለ ትእዛዝስ? ቁጥር 32 ሁለት ሁኔታ ይፈቅዳል። አንዱ ቀላል ነው፦ ፖሊስ እግር በእግር የሚያሳድደው ሰው ቤት ሲገባ ወይም ዕቃውን እዚያ ሲጥል። የሚያከራክረው ሁለተኛው ነው። ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ክስ ወይም አቤቱታ መቅረብ አለበት። ማስረጃው እዚያ ተደብቋል የሚል አሳማኝ ጥቆማም ያስፈልጋል። ደግሞ ትእዛዝ እስኪመጣ ዕቃው ይሸሻል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት መኖር አለበት። ጎረቤት ስለጠቆመ ብቻ ዘው ብሎ መግባት የለም።