ኮፊ፣ ኮፈር፣ ኮፊን፦ ፊደል የተጋሩ ቃላት ሁሉ ዘመድ አይደሉም

ጅማ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያጠና ተማሪ ደብተር ብትገልጡ አንድ ዓይነት ዝርዝር አታጡም። ባለ ስድስት ፊደል ቃላት በሚጋሩት ፊደል ተመድበው፣ ትርጉማቸው ከጎን ተጽፏል። ልምምዱ ጥሩ ነው። ችግሩ ከዝርዝሩ ጋር አብረው የሚያዙት እምነቶች ናቸው። ልጆች ይህን ያህል ደክመው በተሳሳተ መንገድ ሲሄዱ ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ፊደል ከተጋሩ ትርጉማቸውም ይገናኛል»

ማስረጃ ተብለው የሚጠቀሱት ሊስን እና ሳይለንት ናቸው። ሊስን ማዳመጥ ነው፤ ሳይለንት ደግሞ ዝም ያለ። ሁለቱም የሚጻፉት በኤል፣ አይ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኢ እና ኤን ነው። «ለማዳመጥ ዝም ማለት ያስፈልጋል፤ ፊደሎቹም ይህንኑ ይመሰክራሉ» ይባላል። ምክሩ መልካም ነው፤ ስለ ቃላቱ ግን እውነት አይደለም። ሊስን ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የወረደ ሲሆን ሳይለንት የመጣው ከላቲን ነው። ፊደላቸው የገጠመው በአጋጣሚ ነው።

እነዚያኑ ስድስት ፊደሎች ቦታ ብታቀያይሯቸው ኢንሊስት ይወጣል፤ ለውትድርና መመዝገብ ማለት ነው። ቲንስልም ይወጣል፤ ለበዓል ማስጌጫ የሚሆን የሚያብረቀርቅ ክር። ኢንሌትስ ደግሞ ወደ የብስ ጠልቀው የገቡ ጠባብ የባሕር ክንዶች ናቸው። እነዚህን ከዝምታ ጋር የሚያገናኛቸው ምንም የለም።

«አጀማመራቸው አንድ ከሆነ ሥረ መሠረታቸውም አንድ ነው»

አንዳንዴ እውነት ነው፣ አንዳንዴ አይደለም። ለእኛ ቅርብ የሆነውን ምሳሌ እንውሰድ። በሲ፣ ኦ፣ ኤፍ፣ ኤፍ የሚጀምሩ ሦስት ባለ ስድስት ፊደል ቃላት አሉ። ኮፊ ቡና ነው፤ ኮፈር የገንዘብ ሣጥን፤ ኮፊን የሬሳ ሣጥን።

ኮፈርና ኮፊን እውነትም የአንድ ቃል ልጆች ናቸው። ኮፊኖስ ከሚለው የግሪክ ቃል ተነስተው፣ በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል አልፈው እንግሊዝኛ ገቡ። ኮፊኖስ ቅርጫት ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ሕዝቡ በልቶ ከጠገበ በኋላ የተረፈው ቁርስራሽ የተነሳበትን ዕቃ ግሪክኛው በዚሁ ስም ይጠራዋል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «አሥራ ሁለት መሶብ» ይላል። የእንጀራ መያዣ የነበረ ቃል የሬሳ ሣጥን እስከመሆን መድረሱ ሁሌም ይገርመኛል።

ኮፊ ግን ከዚህ ቤት አይደለም። ከአረብኛው ቀህዋ ወደ ቱርክኛ፣ ከቱርክኛ ወደ ሆላንድኛ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረ ቃል ነው።

«ኮፊ ከከፋ መምጣቱ የተረጋገጠ ነው»

ይህን ስጽፍ ቅር የሚለው ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ቡና ደግሞ ኑሯችን ነው። አረቢካ ቡና ዛሬም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ በዱር ይበቅላል። ተክሉ የዚህ ምድር ነው። የቃሉ ነገር ግን ለብቻው መታየት አለበት። እስከ ቀህዋ ድረስ ያለው መንገድ የታወቀ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን አንዳንድ ምሁር ከከፋ ጋር ሲያያይዘው፣ ሌላው አረብኛ ሥር ይሰጠዋል። ቀህዋ የወይን ጠጅ መጠሪያም ነበርና። ስለዚህ የከፋው ነገር መላምት ነው። ልጆቻችን እንግዳ ሲያስጎበኙ «እንዲህም ይባላል» ቢሉ ይሻላል። ለነገሩ እኛ በአማርኛም በኦሮምኛም የምንለው ቡና ነው፤ አረቦችም ፍሬውን ቡን ይሉታል።

«ቁቤ የቻለ እንግሊዝኛ ማንበብ አይከብደውም»

የፊደሉን መልክ ማወቁ ይጠቅመዋል፤ ድምፁ ግን ሌላ ነው። በቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ሲ «ጭ» ነው፣ ኤክስ «ጥ» ነው፣ ኪው «ቅ» ነው። ኮፊ የሚለውን ቃል በቁቤ ሕግ ያነበበ ልጅ «ጮፌ» ይላል። ይህን ልጅ ሰነፍ ማለት ግፍ ነው። የተማረውን ሕግ በትክክል አክብሯል፤ እንግሊዝኛ ሌላ ሕግ እንዳለው ግን ማንም አልነገረውም። መምህራን ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ቢነግሩ ብዙ እንባ ይቀራል።

«አጻጻፉ አንድ ከሆነ ንባቡም አንድ ነው»

በኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች የሚያልቁ አራት ባለ ስድስት ፊደል ቃላት እነሆ፦ ዞው፣ ምንም እንኳ፤ ኢነፍ፣ በቂ፤ ፕላው፣ ማረሻ፤ ትሮፍ፣ የከብት መመገቢያ ገንዳ። አጨራረሳቸው ሲጻፍ አንድ ነው፤ ሲነበብ ግን ይለያያል። ድሮ ጂ እና ኤች አንድ ላይ ሆነው የእኛን «ኽ» የሚመስል የጉሮሮ ድምፅ ነበሩ። ዊሊያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. ማተሚያ ወደ እንግሊዝ ካስገባ በኋላ አጻጻፉ ቀስ በቀስ እየረጋ ሄደ። አነባበቡ ግን መለወጡን አላቆመም።

«የማይነበብ ፊደል ትርፍ ነው»

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሶፈን፣ ማለስለስ፣ ውስጥ ቲ አይሰማም፤ እናቱ ሶፍት፣ ለስላሳ፣ ውስጥ ግን ይሰማል። ዝም ያለው ፊደል ዘመዱን ያሳያል። አይላንድ፣ ደሴት፣ ውስጥ ያለው ኤስ ግን በእርግጥ ትርፍ ነው። ከላቲን የመጣው አይል፣ እሱም ደሴት፣ የዚህ ቃል ዘመድ የመሰላቸው ጸሐፊዎች ናቸው የጨመሩት።

«አንድ ቃል አንድ ትርጉም አለው»

ግራውንድን ሁሉም «መሬት» ብሎ ይሸመድዳል። ከዚያ የቡና ማሸጊያ ላይ «ግራውንድ ኮፊ» ሲያነብ ግራ ይገባዋል። የተፈጨ ቡና ማለት ነው፤ ግራይንድ፣ መፍጨት፣ ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ሁለቱ ግራውንዶች በፊደልም በድምፅም አንድ ናቸው፤ በዘር ግን አይገናኙም። ዝርዝሩ ላይ ለየብቻ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ዓረፍተ ነገር ጋር ይጻፉ።