ኪዩቲክል ምንድን ነው? መቁረጫውን ከማንሳታችሁ በፊት

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ አንዲት ጓደኛዬ ቤት ቡና ልንጠጣ ተሰብስበን ነበር። ቡናው እስኪፈላ አንዷ ጥፍሯን መሥራት ጀመረች። ስኒው አጠገብ ሞረድ፣ አሴቶን፣ ጥጥና ቀይ ቀለም ደርድራለች። በጥፍር መቁረጫ የአውራ ጣቷን ጥፍር ሥር ዙሪያውን ስትቆራርጥ አየኋትና "ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት። "ኪዩቲክሉን እያነሳሁ ነዋ" አለችኝ። ወዲያው ደም ብቅ አለ። ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች፣ መጠጥ አደረገችው፣ ቀጠለች።

እየቆረጠች የነበረው ግን ኪዩቲክል አልነበረም። ይሄንን ቁጭ ብዬ የጻፍኩት ለእሷና ጥፍራቸውን ቤታቸው ለሚሠሩ ሁሉ ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራው፣ ስህተቱ ከስሙ ነውና የሚጀምረው። እስቲ አውራ ጣታችሁን ወደ መስኮት አቅርቡና የጥፍሩን ሥር እዩት። እዚያ ጋ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ጥፍሩን የሚያቅፈው ለስላሳ የቆዳ ጠርዝ ነው። ሕይወት አለው፣ ስትነኩት ይሰማችኋል፣ ስትቆርጡት ይደማል። ኤፖኒኪየም ይባላል። ሁለተኛው ከዚያ ጠርዝ ሥር ወጥቶ ጥፍሩ ላይ የተለጠፈ በጣም ስስ ሽፋን ነው። ነጣ ያለ፣ ደረቅ፣ ሲፋቅ እንደ ዱቄት የሚረግፍ። ይሄ የሞተ ቆዳ ነው፣ ጥፍሩ ሲያድግ ከሥሩ እየተጎተተ አብሮት ይወጣል። የጥፍር ባለሙያዎች ኪዩቲክል የሚሉት ይሄንን ሁለተኛውን ነው። አንዳንድ ቦታ ሁለቱም በአንድ ስም ሲጠሩ ታገኛላችሁ፣ እኛም ሰፈር እንደዚያው ነው። ለዚህ ነው "ኪዩቲክል ይነሳል" ሲባል ሰው ሕያው ቆዳውን የሚቆርጠው።

ሥራው ምንድን ነው? ጥፍር የሚሠራው ከቆዳው ሥር ተደብቆ ነው። ማትሪክስ የሚባል ቦታ አለ፣ ጥፍሩ የሚፈጠረው እዚያ ነው። በአውራ ጣታችን ጥፍር ሥር የምናያት ነጭ ግማሽ ጨረቃ የዚያ ቦታ ጫፍ ናት። በጥፍሩና በቆዳው መሀል ደግሞ ክፍተት አለ። ያ ክፍተት ክፍት ቢሆን ሳሙናው፣ ሊጡ፣ የእቃ እጣቢው፣ ባክቴሪያውም ፈንገሱም ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ኪዩቲክሉና የቆዳው ጠርዝ አንድ ላይ ሆነው ክፍተቷን ይደፍኗታል። አቧራና ብርድ እንዳይገባ በር ሥር የምንወትፋት ጨርቅ አለች አይደል? ልክ እሷን ማለት ነው። ጓደኛዬ ጨርቋን አውጥታ መጣሏ ብቻ ሳይሆን የበሩን ታችም ጭምር እየሰነጠቀች ነበር።

ስለ ስም ካነሳን አይቀር፣ ብዙዎቻችን የጥፍር ቀለምን "ኩቴክስ" ነው የምንለው። ኩቴክስ የምርት ስም ነው፣ እና አሜሪካ ውስጥ በ1911 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ቀለም አልነበረም። ኪዩቲክል የሚያለሰልስና የሚያስለቅቅ ፈሳሽ ነበር፣ ስሙም የተወሰደው ከዚሁ ቃል ነው። ቀለሙ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ደስ የሚለኝ ደግሞ የዚያን ጊዜ ማስታወቂያቸው ራሱ "አትቁረጡት" የሚል መሆኑ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። "ኪዩቲክል" ከላቲን የመጣ ቃል ነው፣ ትንሽ ቆዳ እንደማለት።

የኛም እናቶች አይቆርጡትም ነበር። አክስቴ ለበዓል እንሶስላ ስትሞቅ ትዝ ይለኛል። ሥሩ ይወቀጣል፣ እጅና እግር ላይ ይደረጋል፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይታደራል። ጠዋት ሲፈታ መዳፉም ጥፍሩም ቀልቷል። መዳፉ ላይ ያለው በቀናት ይለቃል፣ ጥፍሩ ላይ ያለው ግን አይለቅም፣ ከጥፍሩ ጋር አድጎ ነው የሚሄደው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፣ የእግር ጥፍር ከዚያ በጣም ይዘገያል። አክስቴ ጥፍር ላይ ቀዩ ወደ ጫፍ እየሸሸ፣ ከሥሩ አዲስ ጥፍር እየወጣ ሲመጣ አያለሁ። ከሥሩ ያለው ቆዳ አንድም ቀን ተነክቶ አያውቅም። ንጹህና ሙሉ ነበር።

እኔ ይሄን ሁሉ ያወቅኩት ተጎድቼ ነው። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ አንድ ሳሎን ገባሁ። ሰው ሞልቷል፣ ልጅቷ ተቻኩላለች። በብረት መቁረጫ ዙሪያውን አነሳችልኝ፣ ሲያልቅ በጣም ያምር ነበር፣ አልዋሽም። በሦስተኛው ቀን የቀኝ አውራ ጣቴ በጥፍሩ ጎን ቀላ፣ ቀጥሎ አበጠ፣ ሌሊቱን እንደ ልብ ምት ይመታኝ ጀመር። ጣቴን ትራስ ላይ ከፍ አድርጌ ነው ያደርኩት። መግል ቋጥሮ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ ሐኪሙ ከፈት አድርጎ አፈሰሰልኝ። ፓሮኒኪያ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለ ባክቴሪያ ነው፣ ቆዳችን ላይ በሰላም የሚኖር፣ መግቢያ ሲያገኝ ግን የሚገባ። ገና ቀይ ብቻ ሲሆን በቀን ደጋግሞ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ይረዳል። መግል ከቋጠረ ግን በመርፌ ራሳችሁ አትውጉት፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ መግሉንም ሳይጠብቅ ይሂድ።

ጣቴ በሁለት ሳምንት ዳነ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ኅዳር ላይ ከጥፍሬ ሥር አንዲት አግድም የሆነች ጎድጓዳ መስመር ብቅ አለች፣ ጣት ሲያልፍባት የምትሰማ። እብጠቱ ማትሪክሱን ሲረብሸው ጥፍሩ ለጥቂት ቀን በደንብ አልተሠራም ማለት ነው፣ ያ ቀን መስመር ሆኖ ተጽፎ ወጣ። ቀለም ብቀባባትም ትታያለች። ገና ሲደርስ መሀል ደርሳ ነበር። ለፋሲካ ጫፍ ላይ ደርሳ በጥፍር መቁረጫ ቆረጥኳት። ለአንድ የአምስት ደቂቃ ቁረጣ ሰባት ወር።

አንድ ነገር ደግሞ ጣል ላድርግ። ያ ብረት ከኔ በፊት ስንት ጣት ላይ እንደዋለ አላውቅም። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል፣ ደም ለዓይን ባይታይም። በአልኮል ጠረግ ማድረግ ደግሞ ማምከን አይደለም። ሳሎን የምትሄዱ የራሳችሁን ሞረድና መቁረጫ በቦርሳ ይዛችሁ ሂዱ። ማንም አይቀየማችሁም። እቤት ከእህት ከጎረቤት ጋር መዋዋሱም ያው ነው።

ቀስ ብሎ የሚመጣ ጉዳትም አለ፣ እሱን ብዙ ሰው ከኪዩቲክል ጋር አያያይዘውም። እጃችን ውሃ ውስጥ ነው የሚውለው። ልብስ በእጅ ማጠብ፣ እቃ፣ ሽንኩርት፣ ሊጥ፣ በረኪና። ቆዳው ይረጥባል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይረጥባል። ኪዩቲክሉ በዚህ መሀል ከጥፍሩ ይላቀቅና ክፍተቱ ሳይደፈን ይቀራል። የጥፍሩ ዙሪያ ለሳምንታት ቅላት አይለቀውም፣ ያብጣል፣ ጥፍሩም እየቆየ ሞገድ ይሠራል። ብዙ ልብስ የሚያጥቡ እናቶች ጣት ላይ አይቼዋለሁ። የሚያድነው ቀለም አይደለም፣ እጅን ደረቅ ማድረግ ነው። ጓንት አድርጉ፣ ከውስጡ ስስ የጥጥ ጓንት ብትደርቡ ደግሞ ላቡን ይመጥላችኋል። እንዲህ ያለ ጣት ላይ ደግሞ ኪዩቲክል በፍጹም አይነካም።

እሺ፣ ካልተቆረጠ ምን ይደረግ? የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ምክሩ አጭር ነው፦ ተዉት። መግፋት ካለባችሁ ግን ገላ ከታጠባችሁ ወይም ጥፍሩን ለብ ባለ ውሃ ከዘፈዘፋችሁ በኋላ፣ በእንጨት ወይም በጎማ፣ ቀስ ብላችሁ ይሁን ይላል። እኔ የማደርገው ይሄንን ነው። ቅዳሜ ማታ ከሻወር እወጣለሁ። ቆዳው ለስልሷል። እርጥብ ፎጣ አመልካች ጣቴ ላይ ጠምጥሜ የሌላኛውን እጅ ጥፍር ሥር በክብ እያሻሸሁ ወደ ኋላ ገፋ፣ ገፋ አደርገዋለሁ። ካመመኝ በዝቷል ማለት ነው፣ አቆማለሁ። ከዚያ ጥፍሩን ወደ መብራት ዘንበል አድርጌ አየዋለሁ። የሚያንጸባርቀው ጥፍር ነው። ሥሩ ጋ ደብዘዝ ብሎ፣ እንደ ደረቀ ሙጫ ሆኖ የተለጠፈው ኪዩቲክሉ ነው። ያቺን ብቻ ጫፉ ላይ ጥጥ በተጠቀለለበት የእንጨት ዘንግ ቀስ አድርጌ እጠርጋታለሁ። ነጭ ብናኝ ሆና ትወጣለች። ደም የለም፣ ሕመም የለም።

የሚሸጥ የኪዩቲክል ማስለቀቂያ ፈሳሽም አለ። አብዛኛው ውስጡ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አለው፣ የሞተውን ቆዳ የሚያሟሟው እሱ ነው። ይሠራል። ግን የሞተውን ከሕያው አይለይም፣ ስለዚህ ብልቃጡ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አታሳልፉ፣ በደንብም ታጠቡት። የተቆረጠ ወይም የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ አታድርጉት።

ጥፍሩ ጎን ላይ ተነስታ ልብስ የምትይዝ ቀጭን የቆዳ ቁራጭ አለች አይደል፣ ሁላችንም በጥርሳችን የምንጎትታት? እሷ ብቻ ትቆረጣለች። በንጹህ ስል መቁረጫ፣ የተነሳውን ብቻ፣ ሳይጎተት። ስትጎተት ሕያው ቆዳ ይዛ ነው የምትሄደው።

ዘይት ደግሞ አትርሱ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ከጥቅምት ጀምሮ አየሩ ደረቅ ነው፣ ጠዋቱ ይቆርጣል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ውድ ነገር መግዛት አያስፈልግም። የጉሎ ዘይት ወይም ቫዝሊን፣ ማታ ስትተኙ፣ በየጥፍሩ ሥር ጠብታ ታህል ቀብቶ ማሸት ነው። እኔ ቫዝሊኑን አልጋዬ ጋ ነው የማስቀምጠው፣ ሌላ ቦታ ካለ እረሳዋለሁ።

አሁን ወደ ቀለሙ። ቀለም በሁለተኛው ቀን ከሥሩ ጀምሮ እንደ ልጣጭ ተነስቶ የሚወጣባችሁ ከሆነ ቀለሙን ከመውቀሳችሁ በፊት ኪዩቲክሉን እዩት። ብዙ ጊዜ ቀለሙ የተቀባው ጥፍሩ ላይ ሳይሆን ያቺ ስስ ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኗ ስትነሳ ቀለሙን ይዛ ትነሳለች። ስለዚህ ማጽዳቱ ለጤናም ለውበትም ነው። ከዘፈዘፋችሁ በኋላ ግን ወዲያው አትቀቡ። ጥፍር ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ሲደርቅ መልሶ ይሟሽሻል፣ ላዩ ላይ ያለው ቀለም ደግሞ አብሮት መሟሸሽ አቅቶት ይሰነጠቃል። ማታ አጽዱና ጠዋት ቀቡ፣ ወይ ቢያንስ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ እስኪደርስ ጠብቁ። ከመቀባታችሁ በፊት ጥፍሩን ብቻ አሴቶን በነካ ጥጥ ጥረጉ፣ ዘይት ካለ ቀለሙ አይዝም። ስትቀቡ ቆዳውን አትንኩ፣ የፀጉር ውፍረት የምታህል ክፍተት ተዉ። አንድ ወፍራም ከመቀባት ሁለት ስስ ይሻላል፣ ቀለም የሚደርቀው ፈሳሹ በንኖ ነውና ወፍራሙ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል።

ጄል ለምትጠቀሙ ያቺ ክፍተት ከውበትም በላይ ናት። ጄል በንኖ ሳይሆን በመብራት ነው የሚደርቀው። ሳይደርቅ ቆዳ ሲነካ ውስጡ ያሉት አክሪሌት የሚባሉ ኬሚካሎች አለርጂ ሊያመጡ ይችላሉ፣ አለርጂው አንዴ ከመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው። ቆዳ ከነካ መብራቱ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ጥረጉት። ትንሿን መብራት ገዝታችሁ እቤት የምትሠሩ፣ በተለይ እናንተ።

ሳሎን ስትገቡና "ቆዳው ይነሳ?" ስትባሉ "አይቆረጥ እህቴ፣ ገፋ ብቻ አድርጊልኝ" በሏት። ታደርገዋለች።

ዓመታት ስትቆርጡ ቆይታችሁ ዛሬ ብታቆሙ ግን መጀመሪያ ላይ ያስጠላችኋል፣ ይሄን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ሲቆረጥ የኖረ ቆዳ ጠርዙ ይጠነክራል፣ ይቦጫጨቃል፣ ለጥቂት ሳምንት ከበፊቱ የባሰ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ተስፋ ቆርጦ ወደ መቁረጫው የሚመለሰው። በየማታው ዘይት፣ በየሳምንቱ ፎጣ። የኔ ጠርዝ ሳይቦጫጨቅ ለስልሶ ጥፍሩ ላይ የተኛው በሁለተኛው ወር ነው። ጓደኛዬ ዛሬ ደውላ ጣቷ እንዳላበጠ ነግራኛለች፣ ቫዝሊኑንም ጀምራለች።