ስለ ባሕር ውስጥ ምህንድስና ጉባኤዎች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባሕር ወለል ላይ፣ 2,000 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ባለ የነዳጅ ጉድጓድ ላይ አንድ ቫልቭ አልዘጋ አለ እንበል። ጠላቂ ወርዶ አያየውም። የሙያው ጠላቂዎች በተለመደው ሥራ ከ300 ሜትር ብዙም አያልፉም። እዚያ ታች ያለው ግፊት እኛ ላይ ካለው የአየር ግፊት 200 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ከርቀት የሚመራ ሮቦት ይላካል። ሮቦቱን የሚያወርድ መርከብ ይከራያል። ማዕበሉ እስኪበርድ ይጠበቃል። የብስ ላይ በመፍቻ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ እዚያ ሳምንታት ይበላል።

በዚህ ሙያ ውስጥ የሌላውን ስህተት ቀድሞ መስማት ይህን ያህል የሚጠቅመው ለዚህ ነው። መሐንዲሶቹ የሚገናኙባቸው ጉባኤዎች፣ ኤግዚቢሽኖች፣ የምሽት ንግግሮችና አጫጭር ሥልጠናዎች የመጡትም ከዚሁ ነው። ስለነሱ የሚወራው ግን ሌላ ነው። ወጣት ባለሙያዎች በወሬ ብቻ «ይቅርብኝ» ሲሉ ስሰማ ከልቤ ይቆጨኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«የሻጮች ገበያ ነው፤ ትምህርት የለበትም»

ግማሹ እውነት ነው። በ1969 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተጀመረውን የሂውስተኑን ኦፍሾር ቴክኖሎጂ ኮንፈረንስ ብትወስዱ፣ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ትልቁ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ነው። በስታንዶቹ ላይ የሚሸጥና የሚያስተዋውቅ ሰው ሞልቷል። ነገር ግን እዚያው ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው የቴክኒክ ጉባኤ አለ። እዚያ የሚቀርብ ጥናት እንዲሁ አይገባም። አቅራቢው ከወራት በፊት አጭር ማጠቃለያ ይልካል። ከሙያው የተውጣጣ ኮሚቴ ያየዋል። ማስታወቂያ የሚሸት ጽሑፍ የመውደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ኤግዚቢሽኑንም ቢሆን አትናቁት። የባሕር ውስጥ መሐንዲስ የሚሠራበትን ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው በሥዕል ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ «ክሪስማስ ትሪ» የሚሉት፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ የሚቀመጠው የቫልቮች ስብስብ በአስር ቶኖች ሊመዝን ይችላል። አንዴ ባሕር ወለል ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሚያየው የሮቦት ካሜራ ነው። ኤግዚቢሽን ላይ ግን አጠገቡ ትቆማላችሁ። የሮቦቱ እጅ የሚገባበትን ቦታ በገዛ እጃችሁ ትነካላችሁ። ለሁለት ተቆርጦ ውስጡ የሚታይ ቫልቭም ታገኛላችሁ።

አንድ ነገር ልምከራችሁ። ስታንዱ ላይ ያለው ሰው ብሮሹር ሲዘረጋላችሁ በትህትና ተቀበሉና «ይህን የነደፈው መሐንዲስ ዛሬ እዚህ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ አለ፤ ጀርባ ላይ ቆሞ ቡና ይጠጣል። እሱን «የመጀመሪያው ስሪት የት ላይ አስቸገራችሁ?» በሉት። የሚያወራችሁን ብሮሹሩ ላይ አታገኙትም።

«ተፎካካሪዎች ናቸው፤ ዋናውን ነገር ማንም አያወጣም»

በጣም የተስፋፋው አመለካከት ይህ ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ እንዲታረም የምፈልገው ይህንኑ ነው።

አዎ፣ የማይነገር ነገር አለ። የውል ዋጋ፣ የጨረታ ዕቅድ፣ የነዳጅ ክምችት መረጃ፣ የፈጠራ መብት ያልወጣለት ንድፍ አይወራም። አብዛኞቹ የጋራ ስብሰባዎች ሲከፈቱ የውድድር ሕግ ማሳሰቢያ ይነበባል። ስለ ዋጋና ስለ ገበያ ክፍፍል ማውራት ክልክል ነው። ይህ ሁሉ ተቀንሶ ታዲያ ምን ይቀራል? ብዙ ነገር። የተፈጥሮ ሕግ ለማንም ኩባንያ አያደላማ።

ሃይድሬትን እንውሰድ። ጋዝና ውሃ በከፍተኛ ግፊትና በቅዝቃዜ ሲገናኙ በረዶ የሚመስል ጠጣር ነገር ይሠራሉ። ቧንቧ ይደፍናል። በጥልቅ ባሕር ወለል ያለው ውሃ ብዙ ቦታ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ ችግሩ ለሁሉም የጋራ ነው። በኖርዌይ ባሕር ያለው ኦርመን ላንገ የተባለው የጋዝ መስክ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው። ወለሉ ላይ ያለው ውሃ ከዜሮ በታች ይወርዳል። መስኩ በ2007 ሥራ ሲጀምር ላዩ ላይ የማምረቻ መድረክ አልነበረውም። ጋዙ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የብስ ላይ ወዳለው ማጣሪያ ይመጣል። ቧንቧው እንዳይደፈን ግላይኮል የተባለ ፈሳሽ ከየብስ ወደ ጉድጓዶቹ ይላካል። ይህ ልምድ መዝገብ ቤት ተቆልፎበት አልቀረም። በተለያዩ ጉባኤዎች ላይ ቀርቦ ሌሎች ተጠቅመውበታል።

ሌላው መደበኛ ስታንዳርድ ነው። የአንዱ ኩባንያ ሮቦት የሌላውን ኩባንያ ቫልቭ ማዞር መቻል አለበት። አለበለዚያ ለየዕቃው ሌላ መሣሪያ ሊያስፈልግ ነው። ይህን የሚወስነው፣ ኤፒአይ የተባለው የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም ያወጣው 17ኤች ስታንዳርድ የተረቀቀው የተፎካካሪ ኩባንያዎች መሐንዲሶች አንድ ጠረጴዛ ከበው ነው። የጋራ የኢንዱስትሪ ፕሮጀክት የሚባልም አሠራር አለ። ብዙ ኩባንያዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ጥናት ያሠራሉ፤ ውጤቱን ይካፈላሉ። ዲኤንቪ የተባለው የኖርዌይ ተቋም ብዙዎቹን ያስተባብራል።

ከሁሉም በላይ ግን የሰው ሕይወት አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1988 በሰሜን ባሕር ፓይፐር አልፋ የተባለው የነዳጅ ማምረቻ መድረክ ሲነድ 167 ሰዎች ሞቱ። ለጥገና የደኅንነት ቫልቩ የተነቀለ ፓምፕ ነበር። ይህ መረጃ ለሌሊቱ ተረኛ በትክክል አልደረሰም። ፓምፑ እንዲሠራ ተደረገ፤ ጋዝ አፈተለከ። የአንድ ወረቀት አለመድረስ ማለት ይህ ነው። በሎርድ ከለን የተመራው ምርመራ 106 ምክረ ሐሳቦችን አወጣ፤ ኢንዱስትሪውም ተቀበላቸው።

በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ማኮንዶ የተባለው የነዳጅ ጉድጓድ ሲፈነዳ 11 ሰዎች ሞቱ። 1,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያለው ጉድጓድ ለ87 ቀናት ፈሰሰ። ጉድጓዱን ከላይ የሚከድን ዕቃ እዚያው በጥድፊያ ተዘጋጀ። ከዚያ በኋላ ተፎካካሪዎቹ ተስማምተው እንዲህ ያለ መክደኛ በጋራ አዘጋጅተው ማስቀመጥ ጀመሩ። ኢምካ በሚል ምህፃር የሚታወቀው የባሕር ሥራ ተቋራጮች ማኅበርም አደጋና ለጥቂት የተረፉ አደጋዎችን የኩባንያ ስም ሳይጠቅስ ለአባላቱ ያሠራጫል። ስም ስለማይወጣ ሰው በግልጽ ይናገራል።

ታዲያ «ማንም አያወጣም» የሚለው ከየት መጣ? የሚመስለኝ፣ አንዴ ሄዶ የመክፈቻ ንግግር ብቻ ሰምቶ ከተመለሰ ሰው ነው።

«ለአለቆችና ለትልልቅ ኩባንያዎች ነው»

አይደለም። በ1966 የተመሠረተው የባሕር ውስጥ ቴክኖሎጂ ማኅበር በለንደን፣ በአበርዲን፣ በሂውስተን፣ በፐርዝና በሌሎች ከተሞች ቅርንጫፎች አሉት፤ ተማሪዎችንም በአባልነት ይቀበላል። ቅርንጫፎቹ የምሽት ንግግሮች ያዘጋጃሉ። ቀድሞ ለተመዘገበ ሰው በነጻ የሚከፈቱ ኤግዚቢሽኖችም አሉ፤ የአበርዲኑ ሰብሲ ኤክስፖ በዚህ ይታወቃል። ጀማሪ ጥናቱን በፖስተር ማቅረብ ይችላል። የሚያስፈራው የትልቁ ጉባኤ ክፍያ ከሆነ፣ ጥናት ማቅረብ ከአሠሪ ፈቃድና ወጪ ለማግኘት ጥሩ ምክንያት ነው። ጠይቁ።

«ኔትወርኪንግ ማለት ካርድ መበተን ነው»

ካርድ መበተን ካርድ መበተን ነው። ማግስቱን ማን የማን እንደሆነ አይታወስም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ማርክ ግራኖቬተር ሰዎች ሥራ እንዴት እንዳገኙ አጥንቶ ነበር። በሚያውቁት ሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ያንን ሰው ዘወትር ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ሆኑ። 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶዎቹ ደግሞ ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር። የጥናቱ ናሙና ትንሽ ነው። ሐሳቡ ግን ለሙያችን ልክ ነው። የቅርብ ባልደረባችሁ የሚያውቀው እናንተ የምታውቁትን ነው። አዲስ ነገር ያለው ሌላ ቦታ፣ ሌላ ባሕር ላይ ከሚሠራው ሰው ዘንድ ነው።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ያዙ። ከሥራችሁ የወጣ እውነተኛ ጥያቄ ይሁን። «ይህን የግንኙነት ማያያዣ ከአምስት ዓመት በኋላ ስትፈቱት ዝገቱ እንዴት ነበር?» የሚል ዓይነት። እንዲህ ያለ ጥያቄ በራሱ ትውውቅ ነው። ጠያቂው ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚያሳስበው ወዲያው ይታወቃል። ዓይን አፋር ከሆናችሁ አዳራሽ መሃል ገብታችሁ መጋፋት አይጠበቅባችሁም። ፖስተር አጠገብ ቁሙ። ፖስተር ይዞ የቆመ ሰው የሚያናግረው ሰው እየጠበቀ ነው።

ደግሞ ማዕረግ እያያችሁ አትምረጡ። ሮቦቶቹን የሚያንቀሳቅሱት ፓይለቶች ብዙ ንድፍ አውጪ የማያውቀውን ያውቃሉ። እጀታው ሥዕሉ ላይ በግልጽ ይታያል። ደለሉ ተነስቶ ካሜራው ነጭ ብቻ ሲያሳይ ግን የት እንዳለ ዳብሶ የሚያገኘው ፓይለቱ ነው። ከአንድ ፓይለት ጋር ምሳ መብላት አንድ ሙሉ ንድፍ ሊያስቀይር ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ቀላል ነው፤ የሚያደርገው ሰው ግን ጥቂት ነው። በሳምንቱ ውስጥ አጭር ኢሜይል ላኩ። ያወራችሁትን ነገር አንስታችሁ፣ ቃል የገባችሁለትን ጽሑፍ አያይዙ። በመጀመሪያው ኢሜይል ሥራ አትጠይቁ።

«ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ»

ብዙው አለ። በሺዎች የሚቆጠሩ የጉባኤ ጥናቶች ዋንፔትሮ በሚባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የሂውስተኑ ጉባኤ በ2020 በኮቪድ ምክንያት ሲሰረዝ፣ በዚያው ጊዜ ብዙ ስብሰባዎች ወደ ቪዲዮ ዞሩ። መጓዝ ለማይችል ሰው ትልቅ በር ተከፈተ። መሠረታዊ ነገር ለመማር ዌቢናር በቂ ነው፤ እንዲያውም ደጋግሞ ማየት ስለሚቻል ይሻላል።

የታተመ ጥናት ግን ብዙውን ጊዜ የሚነግራችሁ በመጨረሻ የሠራውን ነው። ሦስት ጊዜ ከሽፎ በአራተኛው እንደሠራ የሚነገረው ከንግግሩ በኋላ ኮሪደር ላይ ነው። እጁን አውጥቶ «እኛም ሞክረነው ነበር፤ አልሆነልንም» የሚል ሰው ከኋላ ወንበር ይነሳል። ያ ዓረፍተ ነገር የትም አይታተምም።

«ዘይቱ ሲቀር ሙያውም ይቀራል»

በ2017 ስኮትላንድ አቅራቢያ ሃይዊንድ የተባለው የመጀመሪያው ተንሳፋፊ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ሥራ ጀመረ። አምስት ተርባይኖች፣ በድምሩ 30 ሜጋ ዋት። ተርባይኖቹ በሰንሰለት ከባሕር ወለል ጋር ታስረዋል። ኤሌክትሪኩን የሚያወጣው ኬብል ከማዕበሉ ጋር እየተወዛወዘ ለዓመታት መቆየት አለበት። ይህ የለመድነው ሥራ ነው። በኖርዌይ ስላይፕነር ደግሞ ከ1996 ጀምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሕሩ ወለል በታች ወዳለው አለት እየተጨመረ ነው። ኢንተርኔቱን ከአህጉር አህጉር የሚያሻግሩት ኬብሎችም ባሕር ወለል ላይ የተኙ ናቸው። ያረጁ መድረኮችን ነቅሎ ማውጣትም ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል።

ጉባኤዎቹም አብረው ተለውጠዋል። ሰብሲ ዩኬ ይባል የነበረው የብሪታንያ ተቋም በ2022 ስሙን ግሎባል አንደርወተር ሀብ ብሎ ቀይሯል። አሁን መርሐ ግብሮቹን ብታዩ ነፋስና ካርቦን ከዘይቱ ጎን ተሰልፈው ታገኛላችሁ። የነፋስ ሰዎቹ ብረት በተደጋጋሚ ጫና ስለመድከሙና ስለ ዝገት ዘይቱ ላይ የኖሩትን ይጠይቃሉ። የዘይቱ ሰዎች ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ አንድ ዓይነት ዕቃዎችን በርካሽ መሥራትን ከነሱ ይማራሉ።

«ዋናው ሰርተፊኬቱ ነው»

ሰዓቱ ይቆጠራል፤ ያ እውነት ነው። ለምሳሌ በቴክሳስ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ በየዓመቱ 15 ሰዓት የሙያ ማሻሻያ ትምህርት ማስመዝገብ አለበት። ተገቢው የቴክኒክ ጉባኤ ላይ መገኘት ይረዳዋል። ነገር ግን አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ ብቃት አይሆንም። ሮቦት የሚያንቀሳቅስ ሰው ብቃቱ የሚለካው በሠራው ሰዓትና በገምጋሚ ፊት ባሳየው ችሎታ ነው።

ከሰርተፊኬቱ ይልቅ ማስታወሻ ደብተራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። በሳምንቱ ባልደረቦቻችሁን ለግማሽ ሰዓት ሰብስቡና ሦስት ነገር ንገሯቸው፦ ምን አዲስ ነገር ሰማችሁ፣ ከኛ አሠራር ጋር የሚጋጨው የቱ ነው፣ ማንን ብንጠይቅ ያውቃል። ከተሰበሰቡት አንዱ «ታዲያ ያን ማያያዣ በመጨረሻ እንዴት ፈቱት?» ይላችኋል። ሳትጠይቁ መጥታችሁ ከሆነ፣ የዚያን መሐንዲስ ኢሜይል ይዛችኋል። ጻፉለት።